ግቢ ድረስ መጥቶ የሚከትብ የውሻ ሐኪም፦ ሀዋሳ ውስጥ አገልግሎቱ ምን ያህል ያዋጣል?

ስልክ ሲደወልለት ግቢ ድረስ መጥቶ ውሻ የሚከትብ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ አገልግሎት ነው። በተለይ እንግዳ ሰው ሲያይ ለሚቆጣ ትልቅ ውሻ፣ በባጃጅ አጨናንቆ ክሊኒክ ከመውሰድ በብዙ ይሻላል። ገንዘቡ የሚያዋጣው ግን ሐኪሙ ይዞት የሚመጣው የበረዶ ሣጥን በትክክል ከተያዘ ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት አለበት። በእኩለ ቀን ፀሐይ ከመናኸሪያ እስከ ታቦር በቦርሳ ኪስ ሲንገላታ የዋለ ብልቃጥ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት ነው። ብልቃጡ ከበረዶው ጋር ተነካክቶ በረዶ ከሠራ ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ቢቀልጥም መወጋት የለበትም። ጠንቃቃ ሐኪም ብልቃጡን በካርቶን ወይም በጨርቅ ከበረዶው ይለየዋል፣ ሣጥኑ ውስጥም ትንሽ ቴርሞሜትር ያኖራል። ክዳኑ ሲከፈት ቁጥሩን ልይ ማለት ነውር የለውም። የማብቂያ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ማኅተም ብቻ ያረፈበት ካርድ ውሻው ሰው የነከሰ ቀን ብዙም አይጠቅምም።

ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገምለታል። ከተወጋ በኋላ ሐኪሙ ቢያንስ 20 ደቂቃ ግቢው ውስጥ ይቆይ። ፊቱ የሚያብጥ ወይም የሚያስመልሰው ውሻ ምልክቱን በዚያ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት የትል መድኃኒት አሰጣጡ ላይ ነው፤ ውሻው ሳይመዘን በግምት ይሰጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት መጠን ለ1 ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንድ ሰው ውሻውን አቅፎ የቤት ሚዛን ላይ ይቁም፣ ቀጥሎ ብቻውን ይመዘን፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። በግምት መስጠቱ የሚያሳስበን በምክንያት ነው። በበዓል በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳምባ ለውሻ ይወረወራል። ውሃ በቋጠረው እባጭ ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ጸጉሩ ይደርሳል፣ ውሻውን የዳበሰ ልጅ ደግሞ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ከዚያ በሰው ጉበት ላይ ያው ውሃ የቋጠረ እባጭ ይበቅላል፤ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ያለ ጉበት በጥልቅ ይቀበር እንጂ ለውሻ አይሰጥ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚገባው ውሻ በእውነት ለጤና ስለሚበጅ ነው። በስዊድን 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ምክንያቱ ውሻው ራሱ ነው ብሎ ለመደምደም አይበቃም፤ ውሻ ሰውን እንደሚያስራምድ ግን የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሐይቁ ዳር 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ይሞላዋል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ይህን ጥቅም አያመጣም። አዲስ የተከተበውም ቢሆን የዓሣ ቅሪት ውሾችን ወደሚስብበት ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ወር ያህል ይቆይ።

ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ መንገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ውሻ የነከሰው ቁስል ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም።

ለመጥራት ሲደወል ብልቃጡ የስንት ውሻ እንደሆነ ይጠየቅ። 10 ውሻ የሚያስከትብ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ውሾቹን በአንድ ጠዋት ቢያስከትብ መድኃኒቱ አይባክንም፣ የመጓጓዣውም ሂሳብ ይካፈላል።