ሃርድ ዲስክ ወይስ ክላውድ? የጎጃም ነጋዴ መረጃውን በምን ቢጠብቅ ይሻለዋል

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ሒሳቡን በአንድ ላፕቶፕ የያዘ ነጋዴ ብዙ ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ የዱቤ ዝርዝሩ፣ የደንበኛው ስልክ፣ የግብር ሰነዱ ሁሉ እዚያው ነው። ያ ላፕቶፕ አንድ ጠዋት በቫይረስ ተቆልፎ «ገንዘብ ክፈል» ቢል፣ ማን ስንት ኩንታል ጤፍ በዱቤ እንደወሰደ በቃሉ የሚያስታውስ የለም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያሉትን አማራጮች እናወዳድር።

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ባክአፕ ላይ፣ ማለትም የፋይላችሁ መጠባበቂያ ቅጂ ላይ አውሉት። ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት ማከማቻ፣ ሱቁ ቢቃጠል ወይም ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይሉን ሌላ ቦታ ያቆይላችኋል። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ለአንድ ሱቅ የሒሳብ ፋይል ይተርፋል። የተቆለፈው ፋይል በጥሩው ላይ ቢጻፍበት እንኳ የቀድሞውን ቅጂ ለ30 ቀን ያህል ይይዘዋል። ችግሩን ግን የጎጃም ሰው በደንብ ያውቀዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ክላውድን ብቻ የተማመነ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ ነገር መጫንም የድሮውን ማውረድም አይችልም።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኔትወርክ አይጠይቅም። ሆኖም ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ ባክአፕ አይባልም፤ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፈዋል። ኮፒው እንዳለቀ መንቀል ግድ ነው። እኔ የምመርጠው ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት፣ በየሳምንቱ እየተቀያየሩ። ክላውዱ ኔትወርክ ባለ ቀን ሦስተኛ ይሁን። ሃርድ ዲስኩ ቢሰረቅ የደንበኞቻችሁ መረጃ እንዳይነበብ ደግሞ ቬራክሪፕት በተባለው ነጻ ፕሮግራም ቆልፉት፤ ፓስወርዱ ከጠፋባችሁ ግን እናንተም አትከፍቱትም።

ፍላሽን ከምርጫው አውጥቼዋለሁ። ለማተም ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ምን እንደሚሆን አይታችኋል፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ይሰወሩና በቦታቸው ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ትቀመጣለች። እሷን ስትጫኑ ሾርትከት ቫይረሱ ወደ ላፕቶፑ ይገባል። ለማተሚያ አንድ ፍላሽ ለይታችሁ ያዙ፤ የሒሳብ ፋይል ግን አይግባበት።

ፓስወርድስ የት ይቀመጥ? ክሮም ላይ «ሴቭ» ማድረግ ቀላል ነው፣ ለሌባም እንዲሁ ቀላል ነው። ሬድላይንና ሉማ የተባሉት የመረጃ ሰራቂ ቫይረሶች ብሮውዘር ውስጥ ያለውን ፓስወርድ ጠራርገው ይወስዳሉ፤ የተሰበሰበውም ዳርክ ዌብ በተባለው ድብቅ የኢንተርኔት ክፍል ላይ ይቸበቸባል። ማይክሮሶፍት በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሉማ ተይዘው ማግኘቱን በግንቦት 2017 ዓ.ም አስታውቋል። አንዱ ዋና መግቢያቸው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር ነው። በነጻ አገኘሁት የምትሉት ፕሮግራም የሱቃችሁን ቁልፍ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል፤ እባካችሁ ይህን አቅልላችሁ አትዩት።

ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ደብተር ከክሮም ይሻላል፤ የሩቅ ሌባ አይደርስበትም። ከደብተሩ የሚሻለው ፓስወርዶችን በአንድ ዋና ፓስወርድ ቆልፎ የሚይዘው ኪፓስ የተባለ ፕሮግራም ነው፦ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፋይሉም ከባክአፑ ጋር ይገለበጣል። በስልክም በላፕቶፕም ለምትሠሩ ተመሳሳዩ ፕሮግራም ቢትዋርደን ይመቻል፤ ነጻው ይበቃችኋል፣ ሁለቱን መሣሪያ ለማስማማት ግን ኔትወርክ ይፈልጋል።

ለኢሜይላችሁ ሁለተኛ ማረጋገጫ ስትመርጡ በኤስኤምኤስ ከሚመጣ ኮድ ይልቅ ኦተንቲኬተር አፕ ውሰዱ። ኮዱን ያለ ኔትወርክ ያወጣል፣ በሲም ካርድ ማጭበርበርም አይጠለፍም። ቴሌብርና ባንክ ላይ ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ላለ ሰው ፒንም ኮድም አትንገሩ።

አንቲቫይረስ ላይ ብዙ አልቆይም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለአነስተኛ ሱቅ ይበቃል፣ ዊንዶውሱ ከታደሰ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ስለዚህ ለአንቲቫይረስ የምትከፍሉትን ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገሪያ አድርጉት። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙም ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ መሆኑን አይታችሁ ግዙ፤ ከዚያ በታች ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም።

በክፍያ «ዳርክ ዌብን እንከታተልላችኋለን» የሚሉ አገልግሎቶችም አሉ። የወጣ መረጃን ይነግሯችኋል እንጂ ከዚያ አያጠፉላችሁም። «ሃቭ አይ ቢን ፖንድ» የተባለው ድረ ገጽ ኢሜይላችሁ በታወቁ ስርቆቶች ውስጥ መኖሩን በነጻ ይነግራችኋል። ካለ፣ ፓስወርዱን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ቀይሩና ከሁሉም መሣሪያ የሚያስወጣውን አማራጭ ተጫኑ፤ ሌባው የገባበት መስኮት እስካልተዘጋ ድረስ አዲስ ፓስወርድ ብቻውን አያስወጣውም።