ሞርሴቶ መንቀል ወይስ በመልቲሜትር መለካት?

ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ የባትሪው ቀይ ምልክት ደብዘዝ ብሎ በራ። ደሴ እንደደረስን መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሞርሴቶ (ሽቦውን ከባትሪው ጋር የሚያያዘውን ማሰሪያ) ሊነቅል እጁን ሰደደ። «ሞተሩ ካልጠፋ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና ነው» አለኝ። እኔ ግን አስቆምኩት።

ዘዴው ፈጣን ነው፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ነገር ግን ባትሪው በድንገት ሲለያይ ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል፤ የዲናሞውን ዳዮድ ወይም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ሁሉ አደጋ ተሸክመን የምናገኘው መልስ ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሞተሩ አለመጥፋቱ ባትሪው በበቂ ሁኔታ እየተሞላ መሆኑን አያረጋግጥም።

ቮልቴጅ የሚለካው መልቲሜትር ግን የሚናገረው በቁጥር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሳ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ይደርሳል። የእኛ 12.1 ላይ ቀረ፤ ነዳጅ ሲሰጠውም ከዚያ አላለፈም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዲናሞ ለመግዛት ይሮጣል። እኛ ግን የመለኪያውን ቀይ ጫፍ ከባትሪው አንስተን የዲናሞው ወፍራም ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ አሳረፍነው፤ 14.4 አነበበ። ዲናሞው ጤነኛ ነበር! የሽቦውን ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ሞተሩን አጥፍተን፣ ባትሪውን ነቅለን ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳንና አጥብቀን መልሰን አሰርነው። ሞተሩን አስነስተን ባትሪው ላይ በድጋሚ ስንለካ 14.2 ሆነ።

የቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) መላላት ግን ከሁለቱም ዘዴ በፊት፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በጣት ተጭኖ ይታያል።