ፖምፓዬን ላልቀየረው መካኒክ

ብዙ ሰው መካኒክ የሚያመሰግነው አንድ ነገር ሲቀይርለት ነው። እኔ የማመሰግነው ሳይቀይር ስለመለሰኝ ነው።

ፒክአፔ ናፍጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ያስቸግረኝ ጀመር። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ዝም። ከተነሳም በኋላ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ስካነር ሰኩበትና ፒ0087 የሚል ኮድ ወጣ። "የናፍጣ ፖምፓው አልቆለታል፣ ይቀየር" አሉኝ። ሌላ ምንም አልነኩም።

ይሄኛው መካኒክ ኮዱን ስነግረው ሳቅ አለ። "ኮዱ ሬሉ ላይ ግፊት አነሰ ነው የሚለው። ማን እንዳሳነሰው አይናገርም" አለኝ። ሬል ማለት ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ወደ ኢንጀክተሮቹ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ናፍጣ ወደሚረጩት፣ የሚከፋፈልበት ቱቦ ነው። የተደፈነ ፊልትሮም፣ ናፍጣ ወደ ኋላ አብዝቶ የሚመልስ ኢንጀክተርም፣ አየር የሚስብ ቱቦም ያንኑ ኮድ ያመጣሉ።

ፊልትሮውን ፈታና ውስጡ ያለውን በብርጭቆ ቀዳው። ትንሽ ሲቆይ ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ውሃ ተኛ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነቀለ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረጋት፣ በባትሪ አየ። ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ቢኖር ፖምፓው ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው። ያኔ ፖምፓ ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም፤ ብናኙ ኢንጀክተሮቹም፣ ሬሉም፣ ታንኩም ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ንጹህ ነበር። እኔም ተነፈስኩ።

ቀጥሎ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ አረፋው ተከታትሎ ያልፋል። ጥፋተኛዋ የፊልትሮው ራስ ላይ ያለች የተሰነጠቀች ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ነበረች። በእሷ አየር ስለሚገባ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ጠዋት ፖምፓው ባዶ ይስባል። የዳገቱን ጉልበት ደግሞ ፊልትሮው ራሱ ነበር የያዘው።

ጎሚኒና ፊልትሮ ቀየረ። ሞተሪኖ ከመምታቱ በፊት መስመሩ ናፍጣ እንዲሞላ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ጫነው። ይህን ፖምፓ የሚያለሰልሰው ዘይት ሳይሆን ናፍጣው ራሱ ስለሆነ በደረቁ ማዞር መግደል ነው። ውሃም፣ በስህተት የተቀዳ ቤንዚንም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤንዚን ከቀዳችሁ ቁልፉን እንዳትነኩ፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። ሞተሩ እየሠራ የሬሉን ቱቦ ለማላላትም እንዳትሞክሩ። ጎማችሁ ውስጥ ያለው 2 ወይም 3 ባር ነው፤ እዚያ ውስጥ ከ1000 ባር በላይ ሊኖር ይችላል። ቆዳ ይበሳል።

በመጨረሻ ስካነሩን ሰክቶ ዳገት ወጣን። የሚጠየቀው ግፊትና የሚገኘው ግፊት ጎን ለጎን ሲሄዱ አሳየኝ። ውሃውን ከፊልትሮው ሥር እንዴት እንደማፈስ በራሴ እጅ አሠራኝ፤ ታንኩን እስከ ቀይ እንዳላደርቅም አስጠነቀቀኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አይወድም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ ቀርፋፋ ነው። ጠዋት ሰጥታችሁት ከሰዓት ለመረከብ አትጠብቁ።