ፓርሰር፦ የተዘጋጀ ላይብረሪ ልውሰድ ወይስ ራሴ ልጻፍ?

ፓርሰር ማለት የተጻፈን ጽሑፍ አንብቦ ፕሮግራሙ ወደሚረዳው ቅርጽ የሚለውጥ ኮድ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። የምታነቡት ፎርማት የማን ነው? ጄሰን፣ ኤክስኤምኤል፣ ሲኤስቪ፣ ኤችቲኤምኤል ከሆነ ላይብረሪ ውሰዱ፤ ክርክርም የለውም። እናንተ ራሳችሁ ያወጣችሁት ትንሽ ቋንቋ ከሆነ ግን በእጅ መጻፉ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሲኤስቪን እንይ። መስመሩን በኮማ መቁረጥ ነው ብሎ የሚጀምር ብዙ ነው። ከዚያ አንዱ ደንበኛ አድራሻው ውስጥ ኮማ ያስገባል፣ አድራሻው በጥቅስ ምልክት ተከቦ ይመጣል፣ ኮዱ እዚያው መሀል ይቆርጠውና ስልክ ቁጥሩ ከተማ የሚለው ዓምድ ውስጥ ይገባል። ጥቅሱ ውስጥ አዲስ መስመርም ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በወጣው አርኤፍሲ 4180 በተባለው የሲኤስቪ ሰነድ ላይ ሰፍሯል፤ የፓይተን የሲኤስቪ ሞጁልም ይችለዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ኤክሴል በዩቲኤፍ-8 ያስቀመጠው ሲኤስቪ መጀመሪያው ላይ የማይታይ ምልክት ይኖረዋል፤ ፋይሉን በ«ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ካልከፈታችሁት የመጀመሪያውን ዓምድ በስሙ ስትጠሩት የለም ይላችኋል።

ኤችቲኤምኤልንማ በእጅ አትሞክሩት። ያልተዘጋ ታግ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ እንኳ ረጅም ደንብ አለው።

አሁን የራሳችሁን ቋንቋ እንውሰድ። የደመወዝ ሶፍትዌር ሠርታችኋል እንበል፤ የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ «መሠረታዊ_ደመወዝ * 0.07» ብላ የጡረታ መዋጮውን ቀመር ራሷ እንድትጽፍ ትፈልጋላችሁ። ለእያንዳንዱ የሰዋስው ደንብ (ቀመሩ እንዴት እንደሚጻፍ ለሚወስነው) አንድ ፋንክሽን ትጽፋላችሁ፣ ማባዛት ከመደመር እንዲቀድም ደግሞ ቮን ፕራት በ1973 ያወጣው ዘዴ አለላችሁ፤ ኮዱ አጭር ነው። ትልቁ ትርፍ የስህተት መልእክቱ ነው። «መስመር 3 ላይ የከፈትሽው ቅንፍ አልተዘጋም» የሚል መልእክት ካገኘች እናንተ ጋ ሳትደውል ታስተካክለዋለች። ትልልቆቹ የፕሮግራም ቋንቋዎችም በእጅ ወደተጻፈ ፓርሰር ዞረዋል፦ የጂሲሲ ኮምፓይለር የሲ++ ፓርሰር በ2004፣ ጎ በ2016፣ ሩቢ በ2024። ፓይተን ግን በ2020 ፓርሰሩን ሲቀይርም በጀነሬተር (ከሰዋስው ፓርሰር በሚያወጣ መሣሪያ) የሚወጣ ነው ያደረገው፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ አይደለም።

በእጅ ስትጽፉ የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ሰዋስዋችሁ ሁለት ትርጉም ቢሰጥ የሚነግራችሁ የለም፤ ባይሰን የተባለው ጀነሬተር ቢሆን ይጮህ ነበር። ሺህ ጊዜ የተደራረበ ቅንፍ ሲመጣም ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል፤ ለጥልቀቱ ገደብ አብጁለት። ደግሞ የእኛን አኃዝ አትርሱ፦ ፓይተን ላይ አሃዝ መሆኑን የሚፈትሸው ኢዝዲጂት «፩»ን አሃዝ ነው ይላል፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት ግን አልቀይርም ብሎ ይጥለዋል። «፲»ን ደግሞ ኢዝዲጂትም አይቀበለው። ቁጥር የምትለዩበትን ኮድ ኢንት የሚቀበላቸውን አሃዞች ብቻ በሚያሳልፈው ኢዝዲሲማል ጻፉት፤ የግዕዝ ቁጥር ከፈለጋችሁ ለብቻው ያዙት።

በላይብረሪና በእጅ በመጻፍ መሀል ጀነሬተሮቹ አሉ። አንድ ሰዋስው ጽፋችሁ ለጃቫም ለፓይተንም ለጎም ፓርሰር ማውጣት ከፈለጋችሁ አንትለር 4 ይሻላል፤ መሣሪያውን ለማስኬድ ግን ጃቫ መጫን የግድ ነው። ሥራችሁ ፓይተን ብቻ ከሆነ ላርክ የተባለው ይቀላል፤ ቅንብሩን ሳትነኩት ኧርሊ በሚባለው አልጎሪዝም ስለሚሠራ ፋይሉ ሲተልቅ ይዘገያል፣ ሰዋስዋችሁ ከፈቀደ ላላር (LALR) ወደሚባለው ፈጣን አልጎሪዝም ቀይሩት።