ከምሰሶ ወይስ ከታወር? በትንሽ ከተማ የቤት ኢንተርኔት አመራረጥ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ጋሼ ጠሩኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸው ተመርቃ ቤት ከገባች በኋላ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከዚሁ ሆና የሒሳብ ሥራ ትሠራለች። "አንተ ይኼን ነገር ትነካካለህ አሉ፤ የትኛውን ባስገባ ይሻላል?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ግቢዎን ልየው ጋሼ" አልኳቸው። ሳቁብኝ። የጠበቁት ዋጋ እንድነግራቸው ነበር።

እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። የምንኖረው ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አስፋልት ዳር ያለ ቤትና ከገበያው ጀርባ ቁልቁል የወረደ ቤት አንድ ዓይነት ጥቅል ገዝተው አንድ ዓይነት ኢንተርኔት አያገኙም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። የሚለያየው ቤቱ ያለበት ቦታ ነው።

ነገሩን ሲያሳጥሩት ኢንተርኔት ቤት የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ከምሰሶ በገመድ ይመጣል፣ ወይ ከታወር በአየር። የገመዱ ፋይበር ወይም የድሮው የመዳብ የስልክ መስመር ነው። የአየሩ ደግሞ ሲም የሚገባበት ራውተር ወይም የስልካችሁ ሆትስፖት ነው።

ከምሰሶ የሚመጣው

ፋይበር የምታገኙ ከሆነ ብዙ አታስቡ፣ አስገቡ። ከፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው፤ ውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው። ከጣቢያው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ እንኳ ፍጥነቱ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ጥያቄው "ከቴሌ ቢሮ ምን ያህል እርቃለሁ?" አይደለም። "በአቅራቢያዬ ማከፋፈያ ሳጥን አለ ወይ?" ነው። ከቤት ወጥታችሁ ምሰሶዎቹን ተመልከቱ። ጎረቤት ያስገባ ካለ ከየትኛው ሳጥን እንደተሳበለት ጠይቁ። ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ሳጥኑ ላይ ነጻ ቀዳዳ አለ ወይ? አንድ ሳጥን የሚያስተናግደው ጥቂት ቤቶችን ብቻ ነው። ሳጥኑ በራችሁ ላይ ተሰቅሎ "ሞልቷል" ልትባሉ ትችላላችሁ።

የመዳቡ መስመር ሌላ ታሪክ ነው። እሱ ርቀት ይጎዳዋል። ከጣቢያው አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ደህና የነበረው አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ይደክማል። ክረምት ሲገባ መጋጠሚያው ላይ ውኃ ይገባና ስልኩ ሲንሿሿ ኢንተርኔቱም አብሮ ይቆራረጣል። ደግሞ መብረቁ አለ። የጎጃምን የሐምሌ ነጎድጓድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ "ሽቦውን ንቀለው" እያለችኝ "አሁን ያልፋል" ብዬ ሞደሜን አስበላሁት። መብራቱን ነቅዬው ነበር፤ መብረቁ የገባው ግን በስልኩ ገመድ ነው። የፋይበር ብርጭቆ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በዚያ በኩል ስጋቱ ይቀላል። ቤት ውስጥ ያለችው የፋይበሩ ሳጥን ቻርጀር ግን ሶኬት ላይ ስለሆነ ነጎድጓድ ሲበረታ እሱንም መንቀል ነው።

መዳብ ቤታችሁ ካለና እየሠራ ከሆነ አትጣሉት። አዲስ ልታስገቡ ከሆነ ግን ፋይበር መኖሩን ሳታጣሩ አትፈርሙ።

ከታወር የሚመጣው

እዚህ ላይ ሁለት አቅራቢ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም የኖረው ነው። ሳፋሪኮም ፈቃድ ያገኘው በ2013 ሲሆን አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው መስከረም 2015 ነው። ቁጥሩ በ07 የሚጀምር ወዳጅ ካላችሁ የሱን ሲም ለአንድ ቀን ተዋሱት። በ09 የሚጀምረው እናንተ ዘንድ መቼም አይጠፋም። ሁለቱንም ቤታችሁ ውስጥ ሞክሯቸው። የትኛው ይሻላል የሚለውን ከባህር ዳር ዘመድ አትጠይቁ። ባህር ዳር የሚሮጠው እናንተ ሰፈር ላያዘግም ዋስትና የለም።

ስትሞክሩ ጠዋት አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትመኑት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድገሙት። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ስልኩ ላይ ነው፤ ታወሩ ያለውን ለሁሉም ያካፍላል። ስልኩ ላይ አራቱም መስመር ሞልቶ ቪዲዮ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው። መስመሮቹ የሚያሳዩት ሲግናሉን እንጂ ወረፋውን አይደለም።

የቤት አሠራራችንም የራሱ ጣጣ አለው። ቆርቆሮ ሲግናል ይመልሳል። ግቢውን የከበበው ባህር ዛፍ፣ በተለይ ዝናብ ሲመታው፣ ያዳክማል። ስለዚህ ራውተሩን ከፍ አድርጉና ታወሩ ወዳለበት በሚያይ መስኮት ላይ አስቀምጡት። አክስቴ የሷን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከታ በዳንቴል ሸፍናው ነበር። ዳንቴሉ ሲግናል አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ይጋርደዋል። መስኮት ላይ አውጥተን ስናስቀምጠው ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። እሷ ግን እስካሁን "አቧራ ይገባበታል" ትለኛለች።

ራውተር ስትገዙ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ራውተር በርካሽ አገኘሁ ብዬ ገዝቼ ቤት ስደርስ ሲሜን አልቀበልም አለ። በውጭ አገር ኩባንያ የተቆለፈ ነበር። ሻጩ "ሲገዙ መጠየቅ ነበረብዎት" አለኝ። ብሬን ከመክፈሌ በፊት ሲሜን አስገብቼ አንድ ገጽ ብከፍትበት ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ሆትስፖት ለጊዜው ያዛልቃል። እናንተ ከቤት ስትወጡ ኢንተርኔቱም አብሯችሁ ይወጣል እንጂ። የስልኩ ባትሪም ቶሎ ያልቃል።

በጊጋ ወይስ በወር?

ዋጋ ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ታሪፍ ስለሚቀያየር። የዕለቱን ጥቅል በ*999# የኢትዮ ቴሌኮምን፣ በ*777# የሳፋሪኮምን ማየት ይቻላል። ለገመዱ ቢሮ መሄድ ወይም 994 መደወል ነው። ከዋጋው በፊት ግን የራሳችሁን ፍጆታ አስሉ።

የጋሼን ልጅ እንውሰድ። በቀን ሁለት ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ አላት። አንድ ሰዓት በግምት አንድ ጊጋ ይበላል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንል 44 ጊጋ። ይህ እንግዲህ ፋይል ሳትልክ፣ ኮምፒውተሯ ራሱን ሳያድስ፣ ታናሽ ወንድሟ ቲክቶክ ሳይከፍት ነው። እንዲህ ላለ ቤት በጊጋ መግዛት ወር ሳይሞላ ደጋግሞ መሙላት ነው። በወር ተከፍሎበት ጊጋ የማይቆጥረው የገመድ መስመር ይሻላታል። ቴሌግራም ከፍቶ ዜና ለሚያነብና ከልጆቹ ጋር በድምፅ ለሚያወራ ሰው ግን የገመድ መስመር ብር ማባከን ነው። የስልክ ጥቅል ይበቃዋል።

"ያልተገደበ" የሚል ጥቅል ስታዩ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ስንት ጊጋ ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል?

"ሜጋ" የሚባለውም ያምታታል። 10 ሜጋ መስመር ማለት በሰከንድ 10 ሜጋ ባይት ያወርዳል ማለት አይደለም። የመስመሩ ሜጋ የሚቆጥረው በቢት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ለስምንት አካፍሉት፤ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። ይህም አያንስም። ጥራት ያለው አንድ ቪዲዮ ለማየት 5 ሜጋ ገደማ ይበቃል። አምስት ሰው ያለበት ተራ ቤት በ10 ሜጋ ይኖራል።

መብራት ሲሄድ

መብራት ሲሄድ ፋይበሩም ይሄዳል። ገመዱ ሳይሆን ቤት ያለችው ሳጥን ናት የምትጠፋው። የኪስ ራውተር የራሱ ባትሪ ስላለው በዚህ ይበልጣል። ታወሩም ባትሪ አለው፤ መብራቱ ረዘም ላለ ሰዓት ከጠፋ ግን እሱም ሊደክም ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ብዙዎቹ ሳጥኖች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ቻርጀሩ ላይ ተጽፏል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) መግዛት ነው። የሶላር ባትሪ ያላችሁም ቮልቱን አይታችሁ ባለሙያ ያያይዝላችሁ።

ሌላው መቆራረጥ ከመብራት ጋር የማይገናኝ ነው። ነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ቆየ። ያኔ እኛ ከተማ የገመድ መስመር የነበረው አንድ ሆቴል በረንዳው ላይ መቀመጫ አይገኝም ነበር። አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ ሞልቶ ነበር። ሥራችሁ በኢንተርኔት ከሆነ ገመድና ሲም ሁለቱም ይኑራችሁ የምለው ለዚህ ነው። ሲሙም ቢሆን ገመዱን ካስገባላችሁ ድርጅት ሌላ ቢሆን ይመረጣል።

ስታርሊንክ (ከሳተላይት የሚመጣው ኢንተርኔት) የሚሉኝ አሉ። ኬንያ ከ2015 ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 2023) ጀምሮ ይሠራል፤ እዚህ ግን ይህን እስክጽፍ ድረስ ፈቃድ ስለሌለው ከምርጫው አላስገባሁትም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ግቢያቸውን አየሁት። የፋይበሩ ሳጥን ከበራቸው ሁለት ምሰሶ አልፎ ነው። ሄደን ስንጠይቅ ሞልቷል ተባልን፤ ተመዝግበው ወረፋ ይዘዋል። እስከዚያ ሁለቱንም ሲም ማታ ማታ ሞክረን፣ የተሻለውን ራውተር ውስጥ አስገብተን በምሥራቁ መስኮት ላይ አስቀምጠነዋል። ልጅቷ ስብሰባዋን ከሰዓት በፊት እንዲያደርጉላት ጠይቃለች። እየሠራች ነው።

ትናንት ጋሼ ከመንገድ ማዶ ጠርተውኝ "ምሰሶው ላይ ሰው ወጥቷል! ሩጥና ቀዳዳው ተለቀቀ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" አሉኝ። ሮጥኩ። የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነበር።