የአባቴን ማሳ ሕመም ለነገሩን መምህር

ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ስለ ጎጃም አፈር፣ ውኃ፣ ገበያና የቅኔ ቤት መጣጥፍ ይጽፋሉ። ቀጣሪ የላቸውም፤ ይህን ጻፉ፣ ያንን ተዉ የሚላቸውም የለም። በቅርቡ ደግሞ ሥራቸውን የሚወዱ አንባቢዎች በወር 100 ብር እየከፈሉ እንዲደግፏቸው ጥሪ አቅርበዋል። እኔ ወዲያው ተመዝግቤያለሁ፤ እናንተም እንድትመዘገቡ እለምናለሁ።

አባቴ ማቻከል ውስጥ ገበሬ ነው። ስንዴና ባቄላ ሲሰጥ የኖረው ማሳው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ እንግዶ ከሚባለው የአጃ ዓይነት በቀር የማያበቅል ሆነ። ማዳበሪያ ጨመረ፤ ለውጥ የለም። ዘር ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ከሰው ዓይን እስከ እግዜር ቁጣ ያልጠረጠርነው ነገር አልነበረም። ነገሩ የገባን መምህሩ ስለ አሲዳማ አፈር የጻፉትን ለአባቴ ሳነብለት ነው። የደጋው ኃይለኛ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። አዝመራው ከነገለባው ከማሳ ሲወጣና ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በየዓመቱ ሲደጋገም ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን ብዙ ሰው ሰምቷል። በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ አፈሩ ሳይመረመር መጠኑ እንደማይታወቅ፣ ይህን ሁሉ ኖራ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ማድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን ለእኛ በሚገባን ቋንቋ የጻፉልን እርሳቸው ናቸው። ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው። እንዲህ ስላለ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነውና ባለማሳው አያነበውም። አባቴ አፈሩን አስመርምሮ ኖራ ጨመረበት፤ ዘንድሮ ባቄላው ፍሬ ይዟል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት አይወጣም። መምህሩ በአውቶቡስ፣ ከዚያም በእግር ገጠር ድረስ ይወርዳሉ። ያነጋገሯቸው ገበሬዎች የተናገሩትን መልሰው ያነቡላቸዋል፤ ባለቤቱ ልክ ነው ሳይል አያወጡትም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ አላቆሙም፤ መጣጥፋቸውን በፎቶ ኮፒ እያባዙ ወደ አማኑኤልና ወደ ደምበጫ በመንገደኛ ይልኩ ነበር። የወረቀቱ ዋጋ ከጡረታ ገንዘባቸው ይወጣ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ በጣም አዘንኩ። አንድ ድርጅት ወጪያቸውን ልሸፍን ብሎ ስለ ማዳበሪያ የሚያወሳው ክፍል እንዲቀር ሲጠይቃቸውም እምቢ ብለዋል።

ጎጃም ለተማረ ሰው ቆርሶ መስጠትን ያውቅበታል። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ የዘረፉት ሊቃውንት ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከየደጃፉ ባገኙት ቁራሽ የተማሩ ናቸው። መምህሩ ግን ምጽዋት አልጠየቁም። ሥራቸውን አስቀድመው አሳይተዋል፤ የጠየቁትም የሥራቸውን ዋጋ ነው። የከፈለ አንባቢ መጣጥፉን ቀድሞ ያገኛል፤ መክፈል ያልቻለ ከሳምንት በኋላ በነጻ ያነባል። ለመጓጓዣ፣ ለወረቀትና ለአፈር ምርመራ የወጣውን ገንዘብ በየወሩ ለተመዝጋቢዎች ያሳውቃሉ። ይህን ማንም አላስገደዳቸውም።

ጽሑፋቸው ረጅም ነው። አሳጥሩት የሚሏቸው አሉ፤ እኔ አልስማማም። ስለ ኖራ የጻፉት ቢያጥር ኖሮ ቀድሞ የሚወጣው የማጓጓዣው ነገር ነበር፤ አባቴን ከሁሉ በላይ የጠቀመው ደግሞ እሱ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ጭነት ያስመጣው እሱን ሰምቶ ነውና።

አሁን ስለ ጮቄ ተራራ የገብስና የድንች አምራቾች ሊጽፉ ተነሥተዋል፤ ለጉዞው ግን ገና በቂ ተመዝጋቢ የላቸውም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። ስልካቸውን በአደባባይ ማውጣት ስለማይገባ እዚህ አላሰፈርኩትም፤ ለእኔ ጻፉልኝ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በውጭ አገር ያላችሁ የጎጃም ልጆች ደግሞ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል መክፈል ትችላላችሁ።

መምህር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።