60,000 ብር ለመቋጠር፦ ዕቁብ ወይስ ባንክ?

12 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 60,000 ብር ነው። ብቻውን ባንክ የሚያስቀምጥ ሰው እዚህ የሚደርሰው በ12ኛው ወር ነው። በዕቁብ ግን ከመጨረሻው ባለዕጣ በቀር 11ዱም ይቀድሙታል። የመጀመሪያው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ አበዳሪዎቹ ደግሞ ዕጣቸው የዘገየባቸው ናቸው።

የመጨረሻው ምን ያጣል? በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢታሰብ፣ እስከ 12ኛው ክፍያ ባንክ 1,925 ብር ገደማ ይጨምርለት ነበር። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ግን ዕቃውን ቀድሞ መግዛት ከዚህ ወለድ ሊበልጥ ይችላል።

ለደመወዝተኛ ዕቁብ ይሻላል ባዮች ነን። የባንክ ገንዘብ በስልክ በደቂቃ ይወጣል፤ ዘመድ ሲጠይቅም «የለኝም» ማለት ይከብዳል። «ዕቁብ አለብኝ» ሲባል ግን ሁሉም ይረዳል፤ ባለመክፈል የሚመጣው እፍረትም ቁጠባውን ይጠብቃል።

ዕቁብ የሚፈርሰው ቀድሞ የወሰደ ሰው ሲያቋርጥ ነው። የመጀመሪያው ባለዕጣ የ55,000 ብር ዕዳ ይዞ ስለሚሄድ፣ የዕቁቡ ዳኛ (ሰብሳቢው) ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት ዋስ ያስፈርም።

ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው ገንዘብ ግን ባንክ ይቀመጥ። በዕቁብ ገንዘብ ሲቸኩል ዕጣ የወጣለትን ሰው ተራ መግዛት ቢቻልም፣ ሻጩ የራሱን ትርፍ ይቆርጣል።